ሰባ ኩንታል በጋይንት ጀርባ

በ1850ዎቹ የጋይንት በሬ ከሞፈርና ከማረሻ ሌላ የሚስበው ነገር አልነበረም። እህል በአህያ፣ አሞሌ ጨው በበቅሎ፣ እንጨትና ውኃ በሰው ጀርባ ይጓዝ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የሚሆን ግንድ ሲቆረጥ አገሬው ተጠራርቶ መጫኛ ያስርበትና እየዘፈነ ይጎትተዋል። ከዚያ የከበደ ነገር ከቦታው አይነሳም። ከደብረ ታቦር ተነስቶ በጉና ተራራ ሥር አልፎ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያም ወደ ጨጨሆ የሚዘልቀው መንገድ የእግርና የኮቴ መንገድ ነበር፤ መንኮራኩር የሚባል ነገር አያውቅም።

በ1860 ዓ.ም. ግን 70 ኩንታል የሚመዝን አንድ ወጥ ነሐስ በሠረገላ ተጭኖ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በዚሁ አገር አለፈ።

ነገሩ የሚጀምረው ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ጋፋት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ዘውድ ከጫኑ በኋላ አጥብቀው ከተመኟቸው ነገሮች አንዱ በአገር ውስጥ የሚሠራ መድፍ ነበር። በነገሡ በዓመቱ ግድም በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ወጣት ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ መግባት ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምሩ፣ ለኑሯቸው ደግሞ የእጅ ሙያ የያዙ ነበሩ። ንጉሡ የፈለጓቸው ለሁለተኛው ችሎታቸው ነው። ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ካርል ዛልሙለር፣ ዮሐንስ ማየርና ቤንደር፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆልና ፈረንሳዊው የጦር መሣሪያ ባለሙያ ቡርጎ ጋፋት ላይ መንደር መሥርተው፣ ምድጃና ወናፍ ተክለው፣ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎቻቸው ጋር ሥራ ጀመሩ።

መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ብዙ ነሐስ በአንድ ጊዜ ማቅለጥ፣ ሳይበርድና ሳይቋረጥ ወደ ቅርጹ ማፍሰስ፣ ቅርጹንም እርጥበት እንዳይነካው አድርጎ ማድረቅ ማንም ደርሶ የሚይዘው ሙያ አይደለም። በቅርጹ ውስጥ የቀረች ትንሽ እርጥበት እንኳ የፈላውን ብረት ታፈነዳዋለች። ሆኖም ሰዎቹ እየተሳሳቱ ተማሩ፤ ትናንሽ መድፎች ወጡ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተሸጋገሩ፣ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ የሁሉ ታላቅ የሆነው ተወለደ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክሪሚያ ጦርነት ስሟ ዓለምን ባዳረሰው የወደብ ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። ሰባ ኩንታል ነው፤ በዛሬው አነጋገር ሰባት ቶን።

የጋፋት ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፦ ኢትዮጵያ መድፍ ሠራች ተብሎ። የሥራው ከባድ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነሐሱን ያፈሰሱት ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ የጎተቱት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱም የአንዱ ስም እንኳ በወጉ ተመዝግቦ አልቀረልንም።

ያ ዓመት ለንጉሡ የመጨረሻው ክፉ ዘመን ነበር። ትግሬ፣ ላስታ፣ ጎጃም፣ ሸዋ ከእጃቸው ወጥቷል። ዋግሹም ጎበዜ በሰሜን፣ ምኒልክ በደቡብ የየራሳቸው ጌታ ሆነዋል። በጌምድርም ራሱ ሸፍቷል። የእንግሊዝ ንግሥት ለደብዳቤያቸው መልስ አልሰጠችም ብለው ቆንስሉን ካሜሩንንና ሌሎች አውሮፓውያንን ማሰራቸው ከታላቅ መንግሥት ጋር ሊያዋጋቸው ነው። እስረኞቹ ያሉት መቅደላ አምባ፣ መድፎቹ ደግሞ ደብረ ታቦር ናቸው። የነበራቸው ምርጫ ሁለት ነው፤ መድፎቹን ጥሎ መሄድ ወይም ይዞ መሄድ።

መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ የአውሮፓውያኑ ቤተሰብ፣ ከብቱና ጓዙ ሁሉ አብሮ ነቀለ። ጋፋት ላይ የተሠሩት ሠረገሎች መድፎቹንና የመድፍ ጥይቱን ተሸከሙ። ከኋላቸው የሚመለሱበት ከተማ የለም፤ በሁለቱም ወገን የሸፈተ ገበሬ ያደፍጣል፣ ወደ ኋላ የቀረውንም ይገድላል። በደህና ጊዜ በቅሎ በሳምንት ግድም የምትጨርሰውን ይህን ጉዞ ለመጨረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀባቸው።

ለምን በጋይንት በኩል እንደሄዱ ካርታ የዘረጋ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከጉና በስተምሥራቅ አገሩ እየጠበበ ሄዶ አንድ ረጅም ጀርባ ይሆናል። በሰሜን በኩል የዘነበው ዝናብ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ በደቡብ በኩል የዘነበው ወደ በሽሎ ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በዚሁ ጀርባ ትገኛለች፤ ጨጨሆና ደብረ ዘቢጥም እንዲሁ። ከዚህ መስመር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የወጣ ሁሉ ገደል ይገጥመዋል፤ ወደ ሲማዳ በኩል ቢያዘነብል የበሽሎ ሸለቆ፣ ወደ ሰሜን ቢያዘነብል የተከዜ ምንጮች ይጠብቁታል። ጀርባውን ይዞ የሄደ ግን እስከ ቤተ ሖር ድረስ ትልቅ ወንዝ ሳይሻገር ይደርሳል። ቴዎድሮስ ካርታ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ አገሩን በሽፍትነትም በንግሥናም እግር በእግር ስለሚያውቁት የመረጡት መስመር ዛሬ መሐንዲስ ቢጠየቅ የሚመርጠው ነው።

መስመር መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ መንገድ ማውጣት ሌላ ነው። ሠረገላ እንደ በቅሎ ድንጋይ እየመረጠ አይራመድም። ስፋት፣ ልከኛ ቁልቁለትና ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው በጠዋት ተነስቶ በዶማ ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይለቅማል፣ ረግረጉን በጭንጫ ይሞላል፣ አለቱን በባሩድ ያፈርሳል፤ የተወሰነ ርቀት ሲደለደል ሠረገሎቹ ይጎተታሉ፣ ከዚያ ሰፈሩ ይነቀልና እንደገና ይጀመራል። ዓፄ ቴዎድሮስ ቆመው አያዩም ነበር። አብረዋቸው የነበሩት አውሮፓውያን እንደመሰከሩት ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ ይደለድሉ ነበር፤ ንጉሡ ድንጋይ ከያዙ ደግሞ መኳንንቱ እጁን አጣጥፎ ሊቆም አይችልም።

የመጎተቱን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። መድፉ የተቀመጠበት ሠረገላ ላይ የጠፍር ገመዶች ይታሰራሉ። በአንዳንዱ ዳገት እስከ 500 ሰው ገመድ ይይዝ እንደነበር ተጽፏል። ዳገቱ ከአራት ሜትር ጉዞ አንድ ሜትር የሚያነሳ ቢሆን የሸክሙ ክብደት ሩብ ወደ ኋላ ይስባል፤ የሴባስቶፖል ሩብ 17 ኩንታል ከ50 ኪሎ ነው። የሠረገላው ክብደት፣ የመሬቱ ሻካራነት፣ የመንኮራኩሩ መስመጥ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያ ብዙ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ለ500 ሰው ቢካፈል ቀላል ይመስላል። ችግሩ 500 ሰው በአንድ ቅጽበት አለመሳቡ ነው፤ ግማሹ ሲስብ ግማሹ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ እግሩም ይንሸራተታል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የመንገዱ ጠመዝማዛነት ነው። ገመዱ ረጅም፣ ኩርባው አጭር ከሆነ ከፊት ያለው ሰው የሚስበው ወደ ገደሉ ነው እንጂ ወደ መንገዱ አይደለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ ገመድ ማሳጠር፣ ሰው መቀነስ፣ ከዚያም መንገዱን ማስፋት ያስፈልጋል። ሠረገላው በቆመ ቁጥር ከመንኮራኩሩ ሥር ታኮ የሚያስገቡ ፈጣን እጆች ባይኖሩ የወጣው ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል፤ በመንገዱ ላይ ያለውንም ሰው ይዞ ይሄዳል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል። በዳገት ላይ የደከመ ሰው ቆሞ ማረፍ ይችላል፤ በቁልቁለት ግን ሰባት ቶን ነሐስ ራሱ ይስባል፤ ጎታቹ ከኋላ ሆኖ ገመዱን ወደ ራሱ እየወጠረ በተረከዙ መሬት ይቆነጥጣል።

ጋይንትን በጥቅምትና በኅዳር አለፉ። ጨጨሆ ከጀርባው ጠባብ ስፍራዎች አንዱ ነው። ከዚያ አልፈው ታኅሣሥ ላይ ቤተ ሖር ደረሱ። እስከዚህ ድረስ መሬቱ ራሱ ረድቷቸዋል። ከፊት ግን ዋድላን ከደላንታ የሚለየው የጅጣ ሸለቆ ተዘረጋ፤ ጥልቀቱ ከአንድ ሺህ ሜትር ያላነሰ፣ ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው። ሴባስቶፖልን ወደዚያ ገደል አውርዶ ወንዙን አሻግሮ በማዶው ግድግዳ ማውጣት ጥርንና የካቲትን በላ። ዛሬም በዚያ ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ያንን ሥራ ባሩድ፣ ዶማና ጠፍር ብቻ የያዘ ሰው እንደሠራው ለማመን ይቸገራል።

በዚያው ሰሞን ከቀይ ባሕር ወገን ሌላ ጉተታ ተጀምሮ ነበር። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ዙላ ላይ ከመርከብ ሲወርዱ 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ እጥፍ የሚሆን የጓዝ ሠራተኛና ከ40,000 የሚበልጡ የጭነት እንስሳት ነበሯቸው። ከሕንድ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖች የአርምስትሮንግ መድፎችንና ትላልቅ ሞርታሮችን በጀርባቸው ተሸከሙ። ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ሥር ወደ ኩማይሊ ሐዲድ ተዘረጋና የእንፋሎት ባቡር ሮጠበት። ከዚያ በላይ 640 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር ጉዞ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚያመሩት ወደ አንድ ተራራ ስለነበር ቀድሞ የደረሰ አምባውን ይይዛል። አንዱ በዝሆን፣ በግመልና በእንግሊዝ ግምጃ ቤት ገንዘብ ይጓዛል፤ ሌላው ባቃጠለው ከተማ አመድ ላይ ተነስቶ በሕዝቡ ትከሻ ይጓዛል። ቀድመው የደረሱት ቴዎድሮስ ናቸው። መጋቢት ከተጋመሰ በኋላ ሴባስቶፖል ከበሽሎ ወዲያ ወጥቶ መቅደላ ሥር እስላምጌ ላይ ቆመ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም የመጨረሻውን ዳገት ሲወጣ በዓይኑ አይቷል፤ ንጉሡ ከፍ ካለ ቦታ ቆመው ራሳቸው ያዝዙ እንደነበር ጽፏል።

የናፒየር ጦር ጅጣ ላይ ሲደርስ ደግሞ ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። ሸለቆውን ለመሻገር የራሱን መንገድ መቁረጥ አላስፈለገውም፤ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ያወጡት መንገድ ነበረና በዚያው ወርዶ በዚያው ወጣ። ከጦሩ ጋር የነበረው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርክሃም ሥራውን አይቶ አድንቋል። ለመከላከያ የተሠራ መንገድ ለአጥቂው ማለፊያ መሆኑ ከዚያ ዘመቻ መራራ ነገሮች አንዱ ነው።

ስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ሆነ። ፋላ ላይ የተጠመዱት መድፎች ተኮሱ፤ ጥይቱ ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፈ፤ ከትላልቆቹ አንዱ ባሩዱ በዝቶበት ፈነዳ። ወደ ሜዳው የወረደው የቴዎድሮስ ጦር 700 ያህል ሰው ሞቶበት ሲመለስ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ነበር። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን መረጡ። ወራሪው ጦር ሌሎቹን መድፎች ሰባብሮ፣ አምባውን አቃጥሎ፣ ንዋየ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሄደ። ሴባስቶፖል እዚያው ቀረ። መቅደላ ሰፈር ውስጥ በዚያው ዓመት ለሞሪትስ ሆልና ኢትዮጵያዊት እናት ለወለደቻት ሚስቱ አንዲት ልጅ ተወልዳ ማግዳሌና ተብላለች፤ የልጅ ልጇ ኋላ ዓለም ያወቀው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ቫልድማየር ደግሞ ወደ ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አቋቋመ። የጎታቾቹ ልጆች የት እንደደረሱ ግን የሚነግረን መጽሐፍ የለም።

ከባድ ነገርን በሰው ትከሻ ሳይሆን በሞተር፣ ያለ ሐዲድ የመሳብ ነገር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በዓፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ለንጉሡ ከባሕር ማዶ የእንፋሎት ሞተር ያለው፣ ያለ ሐዲድ በመሬት ላይ የሚሄድ መኪና አስመጣ። አዲስ አበባ «የሰርኪስ ባቡር» አለችው። ይህ ዓይነት መኪና በአውሮፓ ገበሬዎች መንደር ከ1850ዎቹ ጀምሮ የመውቂያ ማሽን የሚያንቀሳቅስና ሠረገላ የሚጎትት ነበር፤ የዛሬው ትራክተር አያት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ሥራው መንገድ መደልደል ሆነ። ቴዎድሮስ በጋይንት ያለመኪና የጀመሩትን ምኒልክ በመኪና ቀጠሉት ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ነገሥታት ከሸክሙ በፊት መንገዱ እንደሚቀድም ገብቷቸው ነበር።

በሌላው ዓለም ትራክተሩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መጫወቻም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ውስጥ በሚዙሪና በኦሃዮ ገበሬዎች ቀድሞ በፈረስ ያደርጉት የነበረውን የጉተታ ውድድር በትራክተር አደረጉት። ሕጉ ቀላል ነው፦ ከኋላ ከባድ ሸርተቴ ታስሮ ማን አርቆ ይጎትታል? በመጀመሪያ ሰዎች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይቆሙና ሸርተቴው ባጠገባቸው ሲያልፍ አንድ በአንድ እየዘለሉ ይወጡበት ነበር፤ ሸክሙ በዚህ መንገድ እየከበደ ይሄዳል። በኋላ ይህንን ሥራ በሸርተቴው ላይ ወደ ፊት የሚንቀሳቀስ የክብደት ሳጥን ተካው። እስከ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ግድም የጎተተ ሙሉውን ጎተተ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 የአገሪቱ የትራክተር ጎታቾች ማኅበር ተቋቁሞ ደንቡን አንድ አደረገው።

ዛሬ የዚህ ውድድር ወዳጆች እነ ፋርሞል ኤምንና ጆን ዲር ኤን የመሰሉ፣ በአያቶቻቸው ዘመን የተሠሩ ትራክተሮችን ከጎተራ አውጥተው ለውድድር ያድሷቸዋል። ሲሊንደሩን አስፍተው ሰፊ ፒስተን ያስገባሉ፣ ካርቡራተሩን ይቀይራሉ፣ ፍሪሲዮኑን ያጠነክራሉ፣ የጎማውን ጥርስ ይሞርዳሉ፣ ነፋሱንም ይቀንሳሉ። ሆኖም ልምድ ያለው ጎታች ከሞተሩ ይልቅ የሚጨነቀው ለሚዛኑ ነው። ከኋላ የሚስበው ሸክም የትራክተሩን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ስለዚህ ከፊት የብረት ክብደት ይንጠለጠላል፣ የመጎተቻው መንጠቆ ከፍታም በጣት ስፋት ይለካል። ጎማው መሬቱን ካልቆነጠጠ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ አቧራ ከማስነሳት አያልፍም። የጅጣን ቁልቁለት በተረከዛቸው ቆንጥጠው የወረዱት ሰዎች ይህንን ያለ መጽሐፍ አውቀውታል።

ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር በተነሱ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አርሲ ውስጥ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። ትራክተርና ነዳጅ ያለ ቀረጥ ይገቡ ነበርና ባለመሬቶቹ በራሳቸው ትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ጭሰኛው ከመሬቱ ተነቀለ። ማሽኑ ጉልበት ባመጣበት አገር ላይ ስደትንም ያመጣበት ይህ ታሪክ ለየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ ነው። በዚያው ዘመን በሁመራ ሜዳ ላይ ሰሊጥና ማሽላ በትራክተር ይታረስ ጀመር። ከጋይንት፣ ከሲማዳና ከእስቴ ደጋ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው፤ ከእነዚህ ወረዳዎች ለወጣ ብዙ ሰው ትራክተርን በቅርብ ያየው በአገሩ ሳይሆን በዚያ ሞቃት ቆላ ነው።

ከዚያ ተራው የጋይንት ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1964 ዓ.ም. መጨረሻ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድር ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ መንገድ እንዲሠራ ተወሰነ። ሥራው በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ፣ ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ደርግ ከመጣ በኋላም ቀጥሎ በ1970ዎቹ ተፈጸመ። ቡልዶዘሩ፣ ግሬደሩና ሮለሩ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸና ሲያልፍ የተከተለው ያንኑ የተከዜንና የበሽሎን ውኃ የሚለየውን ጀርባ ነው። የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ተራርቀው፣ አንዱ በዶማ ሌላው በዲናሚት የሠሩ መንገድ አውጪዎች በአንድ መስመር ላይ መገናኘታቸው ለቴዎድሮስ ዓይን ከየትኛውም ውዳሴ የበለጠ ምስክር ነው።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ንፋስ መውጫ የመኪና ከተማ ሆነች። ጭነት የያዘው ኤንትሬ ከወልድያ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ እዚያ ያድራል፤ ሾፌሩ በብርዱ ጋቢ ተከናንቦ ሻይ ይጠጣል። ድንችና ገብስ ለገበያ ወጣ። በድርቅ ዘመን ደግሞ የእርዳታ እህል በዚሁ መንገድ ገባ፤ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት በተራበ ዓመት የመጣላቸው ስንዴ በበቅሎ ቢጫን ኖሮ ስንቱ ሰው እንደሚያልቅ መገመት አይከብድም።

ትራክተሩ ግን በዚያው መንገድ አልፎ ሄደ እንጂ እርሻው ውስጥ አልገባም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ናዝሬት ላይ በሶቪየት እርዳታ የተተከለው ፋብሪካ ትራክተር መገጣጠም ጀመረ፤ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ባለ 80 ፈረስ ጉልበቱ ቤላሩሶችም የሄዱት ወደ መንግሥት እርሻዎቹ ሜዳ ነው። ቤላሩስ ለማረሻ የተመደበለት የመሳብ አቅም 14 ኩንታል ያህል ነው። ከላይ በተሰላው ዳገት ላይ ሴባስቶፖልን ለማውጣት ከ17 ኩንታል በላይ ያስፈልግ ነበር፤ ትራክተሩ ደግሞ የራሱንም ከሠላሳ ኩንታል የሚበልጥ ክብደት ማውጣት አለበት። 500ዎቹ ሰዎች የሠሩትን ሥራ አንድ ቤላሩስ ብቻውን በጋይንት ዳገት ላይ አይሠራውም ማለት ነው።

ይህ ስሌት የዛሬውን ገበሬም ይመለከታል። የጋይንት ማሳ ትንሽ ነው፤ በድንጋይ እርከን ተከፋፍሏል፤ ወደ ጎንም ያዘነብላል። በአርሲ ሜዳ የሚጋልበው ትልቅ ትራክተር እዚህ ቢመጣ ወይ እርከኑን ያፈርሳል ወይ ይገለበጣል። ስለዚህ ዛሬም በላይ ጋይንት ስንዴና ገብስ የሚዘራው በጥማድ በሬ ነው። በአገሪቱ የስንዴ እርሻ በኩታ ገጠም ይታረስ የሚባለው ነገር በሜዳው ወረዳ ትራክተር ይዞ ሲመጣ፣ ለዳገተኛው ወረዳ የሚበጀው ግን ሰው ከኋላው እየተራመደ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ትራክተር ነው። ክብደቱ ጥቂት ነው፤ ጠባቡ እርከን ላይ ይዞራል፤ ሲበላሽም የከተማው መካኒክ ይፈታዋል። አንድ በሬ ሞቶበት መኖ ያጠረበት ገበሬ ጥማዱን ለማሟላት በሚንከራተትበት አገር ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የሴባስቶፖል አምሳያ ዛሬ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ዋናው መቅደላ ላይ ነው። ሁለቱም ስለ መድፉ ይናገራሉ፤ ስለ መንገዱ የሚናገረው ግን በደብረ ታቦርና በመቅደላ መካከል ያለው መሬት ነው። ራሳም፣ ቫልድማየርና ማርክሃም የጻፉትን የሰፈር ስምና ቀን ይዞ፣ ከክምር ድንጋይ እስከ ጨጨሆ፣ ከዚያም እስከ ጅጣ ወንዝ በእግር የሚሄድ፣ የተቆረጠውን አለትና የተደለደለውን ካብ እየፈለገ ቁልቁለቱን የሚለካ፣ የየደብሩን አረጋውያን የሚጠይቅ የታሪክና የምህንድስና ቡድን ቢሰማራ ብዙ ነገር ማግኘት ይቻላል። የጅጣው ቁልቁለት ለመጀመሪያ ይመቻል፤ የጎተቱትም የወረሩትም የረገጡት፣ በጽሑፍም ደህና ተደርጎ የተመዘገበው እሱ ነው።